ካራቱን ተዉትና ሆዱን እዩ

ክብ አልማዝ ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው ካራቱን፣ ማለትም ክብደቱን ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን ግን ሁለት ባለ 1 ካራት ድንጋዮች ጎን ለጎን አየሁ። አንዱ ብልጭልጭ ይላል፣ የሌላው መሃል ጥቁር ነው፣ የሚስማር ራስ ይመስላል። ቀለማቸው ያው ነው። ልዩነቱ ከሥር ነው።

ብርሃን ከላይ ይገባል፣ በታችኛው ሾጣጣ ክፍል ግድግዳዎች ሁለቴ ይነጥርና ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ሾጣጣው በጣም ከጠለቀ ብርሃኑ ያመልጣል፣ መሃሉም ይጨልማል። በጣም ከሳሳ ደግሞ የወገቡ (የድንጋዩ ሰፊ ዙሪያ ጠርዝ) ነጸብራቅ በላይኛው ጠፍጣፋ ገጽ ውስጥ ነጣ ያለ ቀለበት ሆኖ ይታያል፤ የዓሣ ዓይን ይሉታል፣ እውነትም የሞተ ዓሣ ነው የሚመስለው። የአልማዝ አቆራረጥን ያጠናው ማርሴል ቶልኮቭስኪ በ1919 እ.ኤ.አ. ለብልጭታ የሚበጀውን ቅርጽ ያሰላው የታችኛውን ክፍል ማዕዘን 40.75 ዲግሪ፣ የላይኛውን 34.5፣ ጠፍጣፋውን ገጽ ደግሞ የስፋቱ 53 በመቶ አድርጎ ነው። ከዚህ ትንሽ ወጣ ያሉም ያምራሉ፣ ብቻ ሁለቱ ማዕዘኖች ይስማሙ።

ጥልቅ ድንጋይ ሌላም ጣጣ አለው፤ ክብደቱን ሆዱ ውስጥ ይደብቃል። ደህና የተቆረጠ 1 ካራት ወደ 6.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ጥልቅ የሆነው ድንጋይ ግን ስፋቱ ከዚያ ያንሳል። እስቲ ሻጩን ስፋቱ ስንት ሚሊሜትር ነው በሉትና ፊቱን እዩት።