ጨጓራ ነው ብለውኝ ነበር

ሆዴን እንኳ ሳይነኩ "ጨጓራ ነው" አሉኝ። እዚሁ ባህር ዳር፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ። ከዚያ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ያለ ማዘዣ እየገዛሁ ዓመት ከመንፈቅ ዋጥኩ። ሆዴ ይነፋል፣ እንቅልፍ የለም፣ ሰው ያስጠላኛል። እናቴ ብቻ "አንተ ልጅ፣ ምነው ሆድ ባሰህ?" ትለኝ ነበር።

በኋላ ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳሬ 118 ወጣ። 126 ሲደርስ ስኳር በሽታ ይባላል፤ ከ100 ጀምሮ ግን ደጃፉ ላይ ነህ። ሐኪሟ ስለ ሆዴም፣ ስለ ስኳሬም፣ ስለ ድብርቴም ባንዴ ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ሦስቱን አንድ ላይ ያነሳብኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ፋይበር፣ ማለትም ሆዳችን የማይፈጨውን የእህል ክፍል፣ ሲያብላሉ ቢዩቲሬት የሚባል አሲድ ይወጣል፤ የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል። ግድግዳው ሲላላ የባክቴሪያ ቁርጥራጭ ደም ውስጥ ገብቶ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሊቀሰቅስ ይችላል። ብግነት ደግሞ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ያደክማል፣ ስሜትንም ይጫናል። ኦሜፕራዞልም ሲቆይ ባክቴሪያዎቹን ያዛባል። እኔ በገዛ ገንዘቤ!

ለስላሳ መጠጥና ነጭ ዳቦ ተውኩ። "እርሾ ያለበት እንጀራ እበላ የለ?" ብዬ ተከራክሬ ነበር። የእርሾው ባክቴሪያ ለካ ምጣዱ ላይ ያልቃል። የሚተርፈው የጤፉ ፋይበር ነው። ለተጨማሪ ፋይበር ግብጦ የሚባለውን መራራ ጥራጥሬ መረጥኩ። ጎጃሜ ነኝ፣ ሌላ ምን ልመርጥ?

ስህተቴ ችኮላ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ማታ ሁለት እፍኝ እበላለሁ። ሆዴ ከበሮ ሆነ። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሰው አጠገቤ ተቀምጦ የሆነውን አልናገርም። ባክቴሪያዎቹ እስኪለምዱ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ እንደገና በጥቂት ፍሬ ጀመርኩ፣ ውሃም ጨመርኩ።

በሦስት ወር ስኳሬ 104 ሆነ። ሆዴም ተነፈሰ። ድብርቱ ግን በግብጦ አልለቀቀኝም። ማታ ማታ ጣና ዳር እየተራመድኩም ደረቴ ከባድ ነበር። ሐኪሟ ወደ አእምሮ ሐኪም ላኩኝ፤ መድኃኒት ጀመርኩ። ይህን በማዘግየቴ ነው የሚቆጨኝ።

ግብጦ በደንብ ካልተዘፈዘፈ ምሬቱ መርዝ ነው። እናቴ ቆልታ፣ ቀቅላ፣ ውሃውን እየቀያየረች ለቀናት ትዘፈዝፈዋለች። ምሬቱ መልቀቁን የምታረጋግጠው ግን እኔን አስቀምሳ ነው።