በመስታወት የተላከ ቃል

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

በእኛ ቤት በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦው ነድዶ ሲያልቅ ልጆቹ ቄጠማው ላይ ተሰብስበው ታሪክ ንገረን ይሉኛል። ዘንድሮ የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ለጎረቤት የሚያድለውን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ይዞ መጣ። ፀሐይዋን በቢጫ እርሳስ እየደጋገመ ስለቀባት ወረቀቱ መሀሉ ላይ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ያቺን ፀሐይ ሳይ በፀሐይ ብርሃን ይጽፍ የነበረው የሲክ ወታደር፣ ጉርሙክ ሲንግ፣ ትዝ አለኝ። የሞተበት ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 1890 ዓ.ም. ነው፤ ዓመቱ በባተ በሦስተኛው ቀን። ለልጆቹ ያወጋሁትን ለእናንተም የበዓል ስጦታ ይሁንልኝ።

ሲኮች በሕንድ ክፍለ አህጉር፣ በፑንጃብ ምድር ጉሩ ናናክ የመሠረቱት እምነት ተከታዮች ናቸው። አሥረኛው መምህራቸው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1699 አናንድፑር ላይ ኻልሳ የተባለውን ማኅበር ሲያቋቁሙ ወንዶቹ ሁሉ «ሲንግ» ተብለው እንዲጠሩ አደረጉ። ትርጉሙ አንበሳ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ።

ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ በሚገኘው የሳማና ተራራ ላይ እንግሊዞች ሎክሃርትና ጉሊስታን የሚባሉ ሁለት ምሽጎች ነበሯቸው። ምሽጎቹ ተራራው ስለሚጋርዳቸው አይተያዩም። ስለዚህ መሀል ላይ ሳራጋሪ የምትባል ትንሽ የድንጋይ ኬላ ተሠራች። ሥራዋ ከአንዱ የመጣውን ቃል ተቀብላ ለሌላው ማድረስ ነው። ቃሉ የሚሄደው በመስታወት ነበር። ሄሊዮግራፍ ይሉታል፤ በሦስት እግር የቆመ መስታወት የፀሐይን ጨረር ይቀበላል፤ ወታደሩ ቁልፉን ሲጫን መስታወቱ ያጋድላል፤ ብልጭታው አንዴ አጠር አንዴ ረዘም እያለ ፊደል ይሆናል። ደመና ከመጣ ዲዳ ነው።

በዚያ ቀን በኬላዋ የነበሩት በኢሻር ሲንግ የሚመሩ፣ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሚያገለግሉ 21 የሲክ ወታደሮች ናቸው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወደ 10,000 የሚገመቱ የአካባቢው የአፍሪዲና የኦራክዛይ ጎሳ ተዋጊዎች ከበቧቸው። ጉርሙክ ሲንግ መስታወቱን ወደ ሎክሃርት አዙሮ ርዳታ ጠየቀ። አዛዡ ኮሎኔል ሆተን ሊደርስላቸው እንደማይችል መለሰ። እነርሱም ሊቆዩ ወሰኑ። ጥይት ግንቡን ሲቆረቁር፣ ቅጥሩ ሲደረመስ፣ ጓዶቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ፣ ጉርሙክ ያየውን ሁሉ ለሰዓታት በብልጭታ ሲናገር ዋለ። እኛ ዛሬ ታሪኩን የምናውቀው በዚያ መስታወት ነው።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው መልእክት ተላከ። መስታወቱን አቁሜ ጠመንጃ ላንሳ ወይ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ! እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰበራል። ሞት በር ላይ ቆሞ እያለ ሥራውን ሳያስረክብ አልተነሣም። ፈቃዱ ሲደርሰው መሣሪያውን ፈታቶ በቆዳ ቦርሳው ከተተና ወደ ውጊያው ገባ። መጨረሻ የወደቀውም እርሱ ነው ይባላል።

ለ21ዱም በዚያ ዘመን ለሕንድ ወታደር የሚሰጠው ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ተሰጣቸው። አብሯቸው ወታደር ያልሆነ አንድ አገልጋይም ሞቷል፤ ኒሻኑ ግን እርሱን አልጨመረም። እኔ ለልጆች ስተርክ እርሱን አልዘልም። ሃያ አንዱ ተዋጊዎቹን ቀኑን ሙሉ ስላቆዩ ለጉሊስታን ምሽግ ርዳታ ደረሰላት፤ ሳትያዝም ቀረች።

የእህቴ ልጅ እስከዚህ ድረስ ትንፋሹን ውጦ ሰማ። ከዚያ «ጋሼ፣ የከበቧቸውስ መጥፎ ሰዎች ናቸው?» አለኝ።

ቶሎ አልመለስኩለትም። ታሪኩ በየቦታው ሲነገር ከማዶ ያሉት ሰዎች እንደ ጎርፍ ብቻ ይታያሉ፤ ስምም ፊትም የላቸውም። ነገር ግን ተራራው ተራራቸው ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1893 በላያቸው ድንበር አሰመሩባቸው። የእኛ አባቶች ዓድዋ ላይ ተራራቸውን ይዘው የቆሙት ከሳራጋሪ አንድ ዓመት ተኩል ቀድሞ ነው፤ ታዲያ እኔ አፍሪዲዎቹን ምን ብዬ እወቅሳለሁ? ደግሞም ሲኮች ወደ እኛም ተራራ መጥተዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከወጣው የናፒየር ጦር ውስጥ የሲክ ወታደሮች ያሉበት 23ኛው የፑንጃብ ፓዮኒር (መንገድ ጠራጊ) ሬጅመንት ነበር፤ በስቅለት ዕለት ከዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ጋር ተዋግቷል። ከ73 ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ከሕንድ ክፍለ ጦሮች ጋር ሲኮች እንደገና መጡ፤ በዚያን ጊዜ ግን ከረን ላይ የወደቁት የፋሺስትን ጦር ሲሰብሩ ነው። አስከሬናቸው በእምነታቸው ሥርዓት ተቃጥሏል፤ መታሰቢያቸው እዚያው ከረን በሚገኘው የጦር መቃብር ውስጥ ቆሟል።

ልጁ ግራ ገባው። «እንግዲያስ ወዳጆቻችን ናቸው ወይስ ጠላቶቻችን?» ቢለኝ ሌላ ታሪክ ጨመርኩለት፤ ሲኮች ራሳቸው ለልጆቻቸው የሚተርኩትን። በጉሩ ጎቢንድ ሲንግ ዘመን፣ አናንድፑር በተከበበች ጊዜ፣ ካንሃያ የሚባል ሰው እርኮቱን ተሸክሞ በጦር ሜዳው እየዞረ ለቆሰለ ሁሉ ውኃ ያጠጣ ነበር። የጠላት ቁስለኛም ከእጁ ጠጣ። ጓዶቹ ተቆጥተው ወደ ጉሩ ወስደው ከሰሱት። ካንሃያ ወዳጅና ጠላት አላየሁም፣ በሁሉም ፊት ላይ የእርስዎን ፊት ነው ያየሁት አለ። ጉሩም አልገሠጹትም። ከውኃው ጋር ለቁስሉ የሚሆን ቅባት ጨምረው ሰጡት።

የእህቴ ልጅ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ጠዋት ግን የእናቱን የእጅ መስታወት ይዞ በረንዳ ላይ አገኘሁት። ብልጭታውን በጎረቤት አጥር ላይ ያስሮጣል፤ አጠር፣ ረዘም፣ አጠር። ከአጥሩ ማዶ ያለው ልጅ ምኑም ሳይገባው የድስት ክዳን ይዞ ወጣና መለሰለት። ከሁለቱ መሀል አደይ አበባው ፈክቷል።

መልካም አዲስ ዓመት፣ ወዳጆቼ።