የእታለም ላፕቶፕ

እታለም ከሪያድ ይዛው የመጣችው ላፕቶፕ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠ ነው። ማስጀመሪያው በቀኝ ጥግ፣ ሰዓቱ በግራ፣ መስኮት የሚዘጋበት የኤክስ ምልክትም በግራ በኩል። ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ ዊንዶውስም አብሮት ዞሯል። እሷ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለምዳዋለች፤ እኔ ግን ማውሱን በያዝኩ ቁጥር የሰው ቤት በር የምፈልግ እየመሰለኝ እደናበራለሁ።

እዚህ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የልብስ ሱቅ ልትከፍት ነው። ሒሳብ የምትይዝላት ልጅ ዐረብኛ አታነብም። ስለዚህ ቋንቋው ይቀየር ተባለና ፒያሳ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ባለሙያው በደንብ እንኳ ሳያየው «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም፤ ያለው ፋይል ይጠፋል» አለን። እታለም መልስ አልሰጠችውም። ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ነጠላዋ ውስጥ ሸጎጠችና ወጣች።

ፎርማት የሚባለውን ቃል እኔም አልወደውም፤ የመመረቂያ ጽሑፌን የበላብኝ እሱ ነው። ደግሞም ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም። የማሳያ ቋንቋ ኮምፒውተሩ ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ቃል እንጂ ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ አይደለም። አንድ እንቅፋት አለ፦ ሆም ሲንግል ላንጉዌጅ የሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ከአንድ የማሳያ ቋንቋ በላይ አይቀበልም። የእሷ ግን ከአንድ በላይ የሚቀበለው ፕሮ ሆኖ ተገኘ።

ቢሆንም ልቤ አላረፈም። ፋይሎቿን በሙሉ መርጬ ብዛታቸውን አስቆጠርኩ፤ 4,318። በወረቀት ጻፍኩትና ወደ ውጫዊ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ። ባትሪው የደከመ ስለሆነ ማሽኑም አብሮ ጠፋ፤ ማታ እንደ ገና ከመጀመሪያው።

በማግስቱ ኢንተርኔቱን ከስልኬ ከፍቼላት ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ እያነበበች እኔ እጫናለሁ። ዐረብኛ መናገሩን በሥራ ነው የለመደችው፤ ፊደሉን ግን ሌሊት ሌሊት ራሷን አስተምራ ነው፤ ስለዚህ ጣቷን እያስኬደች ቀስ ብላ ታነባለች። «አል-ወቅት… ወል-ሉጋ።» ቆም አለችና ሳቀች። «ወቅት እንኳ የእኛውም ነው። ሉጋ ቋንቋ ማለት ነው፤ እዚህ ጋ ግባ።» የምንፈልገው ይኸው ነበር፦ ሰዓትና ቋንቋ የሚለው የቅንብር ገጽ። ቋንቋ ጨምር የሚለውን ነክተን አማርኛን ፈለግን። አማርኛው በእንግሊዝኛ ላይ የተደረበ ነው፤ ያልተተረጎመው ቃል በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ሁለቱንም አወረድን። ከዚያ አማርኛን የማሳያ ቋንቋ አድርገን ከመለያዋ ወጣን።

የመግቢያው ገጽ አሁንም ዐረብኛ ነው። የይለፍ ቃሏን ጻፈች፤ እምቢ አለ። ደገመችው፤ እምቢ። «ጠፋ?» አለችኝ፤ ፊቷ ተለዋውጧል። እኔም ላብ ጀመረኝ። ኋላ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ሳያት የቁልፍ ሰሌዳው በዐረብኛ ላይ ቀርቷል። ለካስ ስትጽፈው የነበረው የላቲን ፊደል እየመሰላት ዐረብኛ ነው! ኦልትና ሺፍትን አንድ ላይ ተጫንኩና ገባን። (የመግቢያው ገጽ ቋንቋ ለብቻው ነው የሚቀየረው። በኮንትሮል ፓነል፣ ሪጅን በሚለው ውስጥ፣ አድሚኒስትሬቲቭ ከሚለው ክፍል የራስን ቅንብር ወደ መግቢያው ገጽ መገልበጥ ያስፈልጋል።)

ሰዓቱ ወደ ቀኝ ተመልሷል። የሰነድና የሥዕል ማስቀመጫዎቹ ስምም ከዐረብኛ ወጥቷል። ተቀየረ ስል እነሱ ራሳቸው አይደሉም፤ በዲስኩ ላይ የተጻፈው ስማቸው ድሮም እንግሊዝኛ ነበር። የምናየውን ስም የምትቀይረው በየማኅደሩ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ትንሽ ፋይል ናት። ብዛቱን ቆጠርኩ፤ 4,318።

አንድ ማኅደር ግን በዐረብኛ ፊደል እንደ ተጻፈ ቀርቷል። እሷ ራሷ የሰየመችው ስለሆነ ዊንዶውስ አይነካውም። ፒያሳን አሰብኩ። ጣሊያን ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ ፒያሳ ነው።

«ይሄ ምን ይላል?» አልኳት።

«ኡሚ። እናቴ ማለት ነው።»

ውስጡ እኔ በስልክ የላክሁላት የእማማ ፎቶዎች አሉ፤ ከአዘዞ ስንመለስ የተነሣነው፣ የጥምቀቱ፣ ኋላም ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ያነሣኋት። ለቀብሩ መድረስ አልቻለችም ነበር።

«ስሙን በአማርኛ ልቀይረው?»

«ተወው።»

ማውሱን ተቀበለችኝና አንድ በአንድ አየቻቸው። የመጨረሻው ላይ ደርሳ ልትዘጋ ስትል ቀስቱን ወደ ግራ ጥግ ወሰደችው። እዚያ ምንም የለም። ትንሽ ፈለገች።

«በቀኝ ነው እታለም» አልኳት።