ሚዛኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ ክንዳችሁን ለኩ

አንዷ ስታገኝሽ «ተመችቶሻል!» ትላለች፤ ሌላዋ ያንኑ ቀን «ምነው እንዲህ ወፈርሽ?»። አንደኛው ሙገሳ፣ ሁለተኛው ወቀሳ፤ ሰውነቱ ያው። ስለ ጤና ግን ሁለቱም ምንም አልተናገሩም። ጉዳቱ የሚታየው በኋላ ነው፤ በሰውነቱ የሚያፍር ሰው እጅጌውን መሰብሰብ ስለሚጨንቀው የደም ግፊቱን ሳይለካ ዓመት ያልፋል።

ከግፊት እንጀምር። በልብስ ሰፊ ሜትር ከትከሻና ከክርን መሃል የክንዳችሁን ዙሪያ ለኩ። ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የግፊት መለኪያው መደበኛ ማሰሪያ (ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የሚነፋው) ይበቃል፤ ከ35 እስከ 44 ትልቁ ያስፈልጋል፤ ከ45 ጀምሮ በጣም ትልቁ። ወፍራም ክንድ በጠባብ ማሰሪያ ሲለካ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፤ አጭሩ የአየር ከረጢት የደም ሥሩን ለመጫን የበለጠ መነፋት አለበትና። በ2023 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ በጣም ትልቁ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ወደ 20 ገደማ ከፍ ብሏል። 125 የነበረው 145 ሆነ ማለት ነው፤ የሌለ በሽታ ካርድ ላይ ሊጻፍ ይችላል። «ትልቁ ማሰሪያ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ከመለካት በፊት ጀርባን አስደግፎ፣ እግር ሳያጣምሩ፣ ክንድን በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ 5 ደቂቃ ዝም ማለት ነው። ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። (በቶናና በበረካ መሃል የተለካ ግፊት ለጨዋታ ካልሆነ አይረባም።)

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፦ 5 ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ። ልኩ፣ ወሬ እየቻሉ መዝፈን ሲያቅት ነው። ሰነፍ ተብሎ የሚታማ ሰው አንዳንዴ እግር ጉዞውን የተወው ጭኑ ተፋትጎ ስለተላጠ ነው። ላብ የጠጣ የጥጥ ልብስ ደግሞ ይብሳል። ከመውጣት በፊት ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት፣ ወይም ከቀሚስ ሥር ጭን የሚሸፍን ጥብቅ ቁምጣ መልበስ ይበቃል።

እንጀራን ጠላት ማድረግ አያስፈልግም፤ ዘይቱን መለካት ይሻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ሽንኩርቱን በደረቁ፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ አቁላሉትና ዘይቱን በርበሬ ሊገባ ሲል ጨምሩ፤ ያለ ዘይት ከገባ ያርና ይመራል።

ሚዛን ላይ በየቀኑ መውጣት ያታልላል፤ ጨው የበዛበት እራት ብቻ በማግስቱ አንድ ኪሎ ውሃ ሊያስይዝ ይችላል። ሚዛን በእውነት የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ። ሳይፈልጉት በ6 ወር ውስጥ ከክብደት 5 በመቶ ከሄደ፣ ለምሳሌ 70 ኪሎ የነበረች ሴት 66.5 ከገባች፣ ሰው ሁሉ «አምሮብሻል» ቢላትም ሐኪም ዘንድ ሄዳ ስኳር፣ ቲቢና ታይሮይድ ትመርመር።