ሐርጌሳ፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር

ከጅግጅጋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ያለውን መንገድ በእንቅልፍ አለፍኩት። ድንበሩ ላይ አንድ ደላላ የመኪናውን ሒሳብ እጥፍ አድርጎ አስከፈለኝ፤ የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ እስክደርስ ድረስ ንዴቴ አልበረደም። በዚያ ላይ ያረፍኩበት ሆቴል ጀነሬተር ከመስኮቴ ሥር ሲያጓራ አደረ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ለጉዞው ያነሳሳኝን መጽሐፍ ገለጥኩ። ሐርጌሳ ተወልዳ እንግሊዝ አገር ያደገችው ናዲፋ ሞሐመድ በፈረንጆቹ 2013 በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «የጠፉ ነፍሳት የአትክልት ስፍራ» ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጥቅምት 1987፣ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት የአብዮቱን በዓል በስታዲየም ሲያከብር ነው። አሮጊቷ ካውሰር በአንዲት ወታደር ተደብድባ አልጋ ላይ ስለዋለች ከተማዋን የምትከታተለው በጆሮዋ ነው። ከስደተኞች መጠለያ የመጣችው ትንሿ ዴቆ ደግሞ ከተማዋን ከምታድርበት ቦይ ቀና ብላ ታያታለች። እኔ አዲስ አበባን የማስባት ሁልጊዜ ከእንጦጦ ላይ ቁልቁል ነበር። ከተማን ከቦይ ውስጥ ማየት የተማርኩት ከዚህች ልጅ ነው።

በማግስቱ ገበያ ወጣሁ። ገንዘብ መንዛሪዎቹ ሽልንጉን እንደ ጡብ መሬት ላይ ደርድረውታል። አዛን ሲሰማ በጨርቅ ሸፈን አድርገውት ወደ መስጊድ ሄዱ። መርካቶን ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ለምሻገረው ለእኔ፣ ይህ መተማመን መሀል ከተማ ሐውልት ላይ ከተሰቀለው የሚግ የጦር አውሮፕላን በላይ ልቤን ነካው።

ደረቁ ወንዝ ዳር ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት አገኘሁ። በሶማሊ «ኤዶ» (አክስቴ) ብዬ ብጠራቸው በአማርኛ መለሱልኝ።

«ሐርትሼክ መጠለያ፣ ከዚያም ጅግጅጋ ኖሬያለሁ፣ ልጄ።»

በፈረንጆቹ 1988 ከተማዋ በዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች በቦምብ ስትደበደብ ወደ ኢትዮጵያ ከሸሹት አንዷ ናቸው። «አውሮፕላኑ የሚነሳው ከራሳችን አየር ማረፊያ፣ የሚጥለው እኛው ላይ» አሉኝ። ጣታቸውን ከስኳሩ ጣሳ አንስተው እስከ ማንቆርቆሪያው ድረስ ሄዱበት፤ አንድ ስንዝር አይሞላም።

መጽሐፉን አውጥቼ ካውሰር ያለ ጊዜያቸው የወጡ ልጆቿን ስለቀበረችበትና ዛፍ ስለተከለችበት ጓሮ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ሻዩን መቅዳት ትተው አዳመጡኝ። ስለ ዴቆ ስደርስ ጎረቤታቸውን ጠርተው እንደገና አስጀመሩኝ፤ እኔ በአማርኛ፣ እሳቸው ለጎረቤታቸው በሶማሊ። የሁለተኛውን ሻይ ሒሳብ አልቀበልም አሉ።

ልነሳ ስል ክንዴን ያዙና ከወንዙ ማዶ ያለውን ገደል አሳዩኝ።

«ልጅቷ ያደረችው እዚያ ጋ ይሆናል» አሉ። «እዚያ ነፋስ አይገባም።»