እላይ ሆኜ ስነዳ

የባለቤቴ ወንድም አይሱዙ ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሩ አልነሳ አለ። ጋራዡ አዲስ አበባ፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው። "በገመድ እንጎትተው" ያለ አልጠፋም። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑም መሪውም ድንጋይ ይሆናል፤ ማን ይገባበታል? ሎቤድ (መኪና የሚጭን ዝቅ ያለ ተሳቢ) ይፈለግ ተባለ፣ ደላላ ተጠራ።

"ጋሼ፣ ርካሽ ሎቤድ አለኝ" አለ ደላላው። ለምን እንደረከሰ ሲመጣ አየነው። መወጣጫ የለውም!

"በምን ሊወጣ ነው?" ስንለው ሹፌሩ "ጉብታ ይፈለጋል" አለ፣ ምንም ሳይመስለው። ተገኘ። ሎቤዱ ቂጡን ጉብታው ላይ አስጠጋ፤ እኛ ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር እየጮህን ገፋን። ጎማው ሥር ታኮ ገባ፣ በሰንሰለት ታሰረ።

ጋቢናው ሹፌሩን፣ ረዳቱን፣ የባለቤቴን ወንድምና (ምን እንደሚሠራ እንጃ) ደላላውን ይዞ ሞላ። እኔ እላይ፣ አይሱዙው ውስጥ ተመደብኩ። የጎን ወንበሩ ላይ ክሪክና ጎማ ስለተጫነ መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ብርዱ አይጣል! በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሸኖን አልፈን መሰለኝ ዓይኔን ገለጥኩ። መሪ ይዣለሁ። አስፋልቱ ይሮጣል። ፊት ለፊት አንድ ቀይ ሽብር፣ ሲኖትራክ ማለቴ ነው፣ መብራቱን ቦግ አድርጎ ይመጣል።

"ወይኔ ልጆቼ!"

ፍሬኑን በሁለት እግሬ ቆምኩበት። አይዝም! መሪውን ወደ ቀኝ ስታገል መኪናው ወደ ግራ ይታጠፋል። የቀረኝ ክላክስ ነው፤ እሱን ለቀቅኩት። የሎቤዱ ሹፌር ከኋላው የሚቀድም መኪና መስሎት ጥጉን ይዞ በእጁ "እለፍ" አለኝ።

ይህን ሁሉ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ ያያል። አስቆመን። የሹፌሩን መንጃ ፈቃድ ተቀብሎ ወደ እኔ ቀና አለ።

"አባት፣ እርስዎስ?"

"እኔ ተሳፋሪ ነኝ።"

"መሪ ይዘው?"

በተጫነ መኪና ላይ ሰው አይሳፈርም ብሎ አወረደኝ። አዲስ አበባ የገባሁት ደላላው ጭን ላይ ነው።

ደግሞ ማውረጃ ጉብታ! ጋራዡ አካባቢ ምድሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ስንዞር አመሸን። በመጨረሻ አንድ ግንባታ ላይ የገረጋንቲ ክምር አገኘን። ዘበኛው "ክምሩ ንብረት ነው" ብሎ 1,000 ብር ጠየቀ። ደላላው ገለል አድርጎ አነጋገረው፣ 700 አስደረገልን። ከዚያም 300ውን ለኮሚሽን ተቀበለን።