ሁለት ወረቀት ተመሳሰለና ዜሮ ሰጠሁ

ይሄን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ተማሪዬን እትዬን አላስለቅስም ነበር። ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ ዘንድሮ የፕሮባብሊቲ (የዕድል ስሌት) መግቢያ ኮርስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጣችሁ መምህራን፣ ለእናንተ ነው የምጽፈው።

የማስተምረው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ባለ ኮሌጅ፣ የማታ ክፍል ነው። ተማሪዎቼ 48 ናቸው። አብዛኞቹ ከሥራ በቀጥታ ነው የሚመጡት፤ ከቃሊቲ፣ ከገላን፣ ከኮዬ ፈጬ። የፋብሪካ ዩኒፎርሙን ሳይቀይር የሚገባ አለ።

የማርክ አከፋፈሉ ብዙ ወሬ የለውም። ኪዊዝ 10፣ አሳይመንት 10፣ ሚድ 30፣ ፋይናል 50። አምስት ኪዊዝ ስጡና ዝቅተኛውን ጣሉላቸው፤ «ቲቸር ታክሲ አጥቼ ነው» የሚለው ግማሹ በዚያው ያልቃል። ፈተናው ከበደ ብላችሁ ለሁሉም አምስት አምስት አትጨምሩ። ጥያቄው መጥፎ ከሆነ ጥያቄውን ሰርዙት። ሚድ ለቀረ ተማሪ መመሪያው የሐኪም ማስረጃ ጠይቁና ሜክአፕ (ማካካሻ) ፈተና ስጡ ይላል። እኔ አልጠይቅም። የሚዱን 30 ወደ ፋይናሉ አዛውራለሁ፣ አለቀ። ማስረጃ ይዞ የሚመጣው ሁሌ የታመመው አይደለም፤ የእውነት የታመመው አንዳንዴ የካርድ ማውጫም የለውም። ዲፓርትመንቱ ይሄን አሠራሬን አይወደውም። ይሁና።

ጉዱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ኮርስ አውትላይኑ ላይ ከራሴ አንድ መስመር ጨምሬ ነበር፦ «የሁለት ተማሪዎች የፈተና መልስ ከተመሳሰለ ሁለቱም ዜሮ ያገኛሉ»። ማን ጻፍ አለኝ? ኩረጃ አንገሽግሾኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ከአንዱ እጅጌ ውስጥ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ አጤሬራ አውጥቻለሁ። ስጽፈው ጀግና ጀግና ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሚድ ተፈተኑ። ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ሳርም፣ ሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስህተት አየሁ። 20 የምርጫ ጥያቄ ነበር። ሁለቱም ሰባቱን ስተዋል። ያው ሰባቱን። የመረጡትም ስህተት ፊደል በፊደል አንድ ነው። አንደኛው ወረቀት አቃቂ ፋብሪካ የሚሠራ የ22 ዓመት ልጅ ነው። ሌላው ደግሞ ክፍሉ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ ገላን ሱቅ ያላቸው፣ ልጃቸው እኔን የሚያክል ሴት ናቸው።

ብዕሬን አነሳሁና አሰላሁ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት የተሳሳተ መልስ አለ። አንዱ ስቶ የመረጠውን ሌላው በአጋጣሚ የመምረጥ ዕድሉ አንድ ሦስተኛ። ሰባት ጊዜ አባዛሁት፤ ከ2,187 አንድ። በቃ፣ ተኮራርጀዋል! በማግስቱ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ ስም ሳልጠራ (ሁሉም ግን ማን እንደሆኑ ያውቃል) ሁለት ዜሮ መስጠቴን ተናገርኩ። ለዲፓርትመንት ኃላፊውም ሪፖርት አስገባሁ።

እትዬ አልተከራከሩም። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ወጡ። ልጁ ግን በር ላይ ጠበቀኝ። «ቲቸር፣ እኔ መስኮት ስር ነበርኩ፣ እሳቸው በር ጋ፣ በየት አድርጌ አያለሁ?» አለኝ። ፈታኙን ጠየቅኩት፤ ማን የት እንደተቀመጠ አያስታውስም። የመቀመጫ ዝርዝር አልያዝንም። እኔም ልጁ እየዋሸ ነው ብዬ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን እትዬ በፌስታል የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ።

«መምህር፣ እኔ ያጠናሁት ይሄን ነው» አሉኝ። «ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው የሚሸጠው። ልጁም ከዚያው ነው የገዛው። እኔ እውነተኛ መልስ መስሎኝ ሸመደድኩት።»

ከፈትኩት። የራሴ ፈተና ነው! ቀን ክፍል አምና የሰጠሁት፣ በአንድ ተማሪ እጅ የተከበበ መልስ ያለበት፣ ያውም ግማሹ ስህተት። ሰባቱም ጥያቄዎች እዚያ ውስጥ አሉ፤ እንዳሉ ቁጥራቸውን እንኳ ሳልቀይር ነበር የገለበጥኳቸው። ለመሆኑ የኮረጀው ማነው? መጀመሪያ የኮረጅኩት እኔ ነኝ፣ ከራሴ።

አንዱን ጥያቄ ላሳያችሁ። ዛሬ ማታ የመዝነብ ዕድሉ 0.5፣ መብራት የመጥፋት ዕድሉ 0.4፣ ሁለቱም አብረው የመሆን ዕድል 0.3 ቢሆን፣ ቢያንስ አንዱ የመሆን ዕድል ስንት ነው? መልሱ 0.6 ነው፤ ሁለቱ ይደመሩና ሁለቴ የተቆጠረው 0.3 ይቀነሳል። ወረቀቱ ላይ የተከበበው 0.9 ነው፣ መቀነሱን የረሳ ሰው መልስ። ሁሉንም ወረቀት እንደገና አውጥቼ ቆጠርኩ። ጥያቄውን ከሳቱት 19 ተማሪዎች 16ቱ 0.9ን ነው የመረጡት። አንድ ሦስተኛ ያልኩት ዕድል የት ገባ? የተሳሳተ መልስ ሁሉ እኩል አይስብም። ደግሞ አንድ ወረቀት ያጠኑ ሁለት ሰዎች መልሳቸው አይገናኝም ብሎ ማባዛት ምን ማለት ነው?

የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ይሄንኑ አራተኛው ሳምንት ላይ በደንብ አስተምሬዋለሁ። የእንግሊዟን ሳሊ ክላርክን ታሪክ አንስቼ። ሁለት ሕፃን ልጆቿ ሞቱባትና በ1999 እ.ኤ.አ. ገድላለች ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። አንድ ሐኪም ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደሷ ባለ ቤተሰብ አንድ ሕፃን እንዲሁ በድንገት የመሞት ዕድሉ ከ8,543 አንድ ነው አለ፣ ያንን በራሱ አባዝቶ ለሁለቱ ከ73 ሚሊዮን አንድ አደረገው። የአንድ እናት ልጆች ናቸው እኮ፣ በዘርም በቤትም የሚጋሩት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ዝም ተብሎ አይባዛም። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር በ2001 በይፋ ተቃወመ፣ ሴትዮዋ በ2003 ተለቀቀች። ይሄን ስተርክ እትዬ ከንፈራቸውን መጠጠው ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ እኔው ሐኪሙን ሆንኩ።

ሌላም አለ። በ23 ሰው መካከል ሁለቱ አንድ ቀን የመወለዳቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል ብዬ ክፍሉን አስደንቄያለሁ። ሚስጥሩ የጥንዶቹ ብዛት ነው። በ48 ተማሪ 1,128 ጥንድ አለ። እኔ ሁለቱን ቀድሜ አልጠረጠርኳቸውም፤ ከዚያ ሁሉ ጥንድ ውስጥ የተመሳሰለውን ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ጥንዱ ሁሉ እንደነሱ ሰባት ሰባት አብሮ ቢስት ኖሮ፣ በራሴ ስሌት እንኳ ከ1,128ቱ ውስጥ 0.5 ያህል ጥንድ በአጋጣሚ እንደዚህ እንዲመሳሰል ይጠበቅ ነበር። ከ2,187 አንድ ስል ያስፈራ የነበረው ቁጥር ሟሸሸ።

ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ፊት። እሱ ቀላሉ ነበር። ሪፖርቱን ልመልስ ስል ኃላፊው «አንዴ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ከገባ አይወጣም» አለኝ። ኮሚቴው አይሰበሰብም። አንዱ ሥልጠና ሄዷል፣ አንዱ ለቅሶ ላይ ነው። እስከዚያ ሁለቱም ኤንጂ (ግሬድ አልተሰጠም ማለት ነው) ተጻፈባቸው፤ ኤንጂ ያለበት ደግሞ ቀጣዩን ኮርስ መመዝገብ አይችልም። የሰጠሁት በአንድ ቀን ነው፣ ለማንሳት 18 ቀን ፈጀብኝ። ምዝገባው አለፋቸውና ቅጣት ከፈሉ። ልከፍል አልኩ። «ተዉ መምህር፣ እርስዎም ደሞዝተኛ ነዎት» አሉኝ እትዬ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያቺን መስመር ሰርዣታለሁ። ዲፓርትመንቱ «ጥብቅ ፖሊሲ ነው፣ ይቆይ» ብሎኝ ነበር፤ አልተቀበልኩም። አሁን ፈተናውን በሁለት ኮድ አወጣለሁ፣ ማን የት እንደተቀመጠ ወረቀት ላይ አስፍሬ አስፈርማለሁ፣ የድሮ ፈተናዬን ከትክክለኛ መልሱ ጋር ራሴ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ እለቃለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ አኩርፎኛል። መመሳሰል ካየሁ ሁለቱንም ለየብቻ ጠርቼ አንድ ጥያቄ ፊቴ አሠራቸዋለሁ፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሬጅስትራር የሄድኩ ቀን የግሬድ ማስተካከያ ቅጽ ሰጡኝ። ምክንያት የሚለው ጋ ሁለት ሳጥን አለ፤ «የጠፋ ወረቀት» እና «የድምር ስህተት»። የእኔ የማባዛት ነው አልኳት ለልጅቷ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «መምህር፣ ሰልፍ አለ፣ አንዱን ይምረጡ» አለችኝ። ድምር የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።